የባቡሯ ቀሚስ

ካፊያ ልትሞት መሆኑን ከሁሉም በፊት ያወቅሁት እኔ ነበርኩ። የምሥራች እባላለሁ፤ ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፣ ሁለተኛ ክፍል። ትልልቆቹ እያወቁ ዝም ያሉ ይመስለኝ ነበር፤ ዝም ማለታቸው ደግሞ ነገሩን የባሰ እውነት አደረገብኝ።

እናቴ በለጠች፣ ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ፣ ከመስጊዱ ጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ ላይ፣ አንድ በር ያለው የልብስ ስፌት ቤት ነበራት። ካፊያ እዚያው ሰፈር ተወልዳ ያደገች የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ገና ጡት ሳታወጣ ቁልፍ ልትተክል ገብታ እዚያው ቀረች። ከእናቴ ጋር በአማርኛ፣ ከእናቷ ጋር በኦሮምኛ፣ ከደንበኛ ጋር በሶማልኛ ታወራለች፤ ክሩ ሲበጠስባት ደግሞ ከስፌት መኪናው ጋር በሦስቱም ትጣላለች። እኔ “አባዮ” ነበር የምላት፤ መጋላ ውስጥ ታላቅ እህት እንዲህ ነው የምትጠራው። ሌላ እህት አልነበረኝም።

ቤታችን ከወንዙ ማዶ፣ ከዚራ ሰፈር ነው። ከትምህርት ቤት ስለቀቅ የደቻቱን ድልድይ ተሻግሬ ወደ ሱቁ እሄድና፣ የቁርጥራጭ ጨርቅ ክምር ላይ ተጋድሜ የሁለቱን ወሬ አዳምጣለሁ። በዚያ ዓመት ወሬያቸው ሁሉ የሥራ መጥፋት ነበር። ሴቱ ሁሉ ቀሚሱን በላስቲክ ተጠቅልሎ ታይዋን ከሚባለው የድሬ ገበያ መግዛት ጀምሯል። እናቴ ዘንድ የሚመጣው እዚያ የተገዛ ሱሪ እግሩ ሲረዝም፣ ወይም ዚፑ በሳምንቱ ሲፈታ ብቻ ነው።

ሶፊ የምትባለው ሴት የመጣችው ኅዳር ላይ ነው፤ ሙቀቱ ትንሽ ጋብ ሲል። ጸጉሯን እንደ ወንድ አሳጥራለች፤ መነጽሯ አናቷ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ፊልም ሊሠሩ ከመጡት ሰዎች ጋር ነበረች፤ የተዋንያኑን ልብስ የምትነድፈው እሷ ናት።

“እትዬ በለጠች፣ ታይዋንን ሙሉ ቀን ዞርኩት” አለች። “የድሬ ልብስ የሚባል ነገር አንድም አላገኘሁም። ሁሉም ከውጭ የመጣ ነው። እርስዎን የጠቆመኝ ሰው…”

“አንቺ በይኝ” አለቻት እናቴ። “እዚህ አገር አንቱታ አናውቅም። ምን ዓይነት ነው የፈለግሽው?”

ሶፊ ወረቀት አውጥታ መሣል ጀመረች። ፊልሙ ባቡሩ በሚሠራበት ዘመን ከጅቡቲ ጨርቅ እየደበቀች ስለምታመላልስ ነጋዴ ሴት ነው። ቀሚሷ እንደ ሽቲ ስስና ሰፊ እንዲሆን ትፈልጋለች፤ ሽቲ የድሬ ሴት ለሙቀቱ የምትለብሰው ቀሚስ ነው። ግን ወገቡ ይያዝ፣ ደረቱ ላይ የደጋ ጥልፍ ይኑርበት፣ እጅጌው ላዩ እንደ ከረጢት ሰፍቶ አንጓው ላይ በትናንሽ ቁልፎች ይጠበቅ። ሴትየዋ ዕቃ የምትደብቀው በእጅጌዋ ውስጥ ነውና። ቀለሙ የጥሬ ማንጎ አረንጓዴ።

እናቴ ሥዕሉን እያዟዟረች አየችው። “እንዲህ ያለ ቀሚስ ድሬ ላይ ኖሮ አያውቅም” አለች።

“አውቃለሁ” አለች ሶፊ። “ግን የነበረ ይምሰል።”

ዋናዋ ተዋናይ ገና አዲስ አበባ ነበረች፤ ልኬቷ ከካፊያ ጋር አንድ ሆኖ ስለተገኘ ቀሚሱ ሁሉ የሚለካው በካፊያ ላይ ሆነ። ይህን ግን ያኔ ማንም አልነገረኝም። እኔ ያየሁት ካፊያ ሱቁ መሀል እጆቿን ዘርግታ ስትቆም፣ ሶፊ ስፒል በአፏ ይዛ ስትዞራትና እንዲህ ስትል ነው፤

“ሦስት አንድ ዓይነት ያስፈልገናል። አንዱ የምትኖርበት፣ አንዱ የምትሮጥበት፣ አንዱ የምትሞትበት።”

“ለመሞቻ እንዲህ ማማር ምን ይሠራል” ብላ ሳቀች ካፊያ።

እናቴ አልሳቀችም። “ሞትን አፍሽ ላይ አታብዢ” አለቻት። “በተለይ አንቺ።”

በተለይ አንቺ። ያቺን ቃል ይዤ ነው ድልድዩን ተሻግሬ ወደ ቤት የገባሁት። ያኔ ፊልም ውስጥ የሞተ ሰው የእውነት የሞተ ይመስለኝ ነበር። አንዱ ተዋናይ በአንድ ፊልም ሞቶ በሳምንቱ በሌላው ሲዘፍን አይቼ፣ “ይሄኛው ከመሞቱ በፊት የተቀረጸው ነው” ብዬ ለራሴ መልስ ሰጥቼ ነበር። መልሱ በቂ ስለመሰለኝ ማንንም አልጠየቅሁም።

ከዚያ ሰውየው መጣ። ሽርጥ የታጠቀ፣ መፋቂያ ከአፉ የማይለይ ሰው ነው። ሱቅ ውስጥ አይገባም፤ በሩ አጠገብ ቆሞ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ካፊያም መቀሷን አስቀምጣ ትወጣለች። አንድ ቀን በመስኮቱ ሥር ሆኜ ሰማሁት።

“ሚያዝያ ላይ ነው። ተዘጋጂ።”

“ተዘጋጅቻለሁ” አለችው።

የሚገድላት እሱ መሆኑን ወዲያው አወቅሁ።

በዚያው ሰሞን እራት ላይ እናቴ እንጀራዋን ሳትጎርስ ይዛ ቀረች። አባቴ ሣህሉ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ባቡሩ ከቆመ ወዲህ ጣቢያውን ነበር የሚጠብቀው። ነገር ቶሎ አይናገርም። እናቴ ናት የጀመረችው።

“እኔው በሰጠኋት ሥራ እኔው ልሸኛት ነው።”

“ከልክያት።”

“ከልክዬስ? እናቷን ማን ያሳክምላታል? እኔ የታይዋን ሱሪ እያሳጠርኩ?” ድምጿ ቀነሰ። “ባሕሩ ስንቱን በልቷል፣ ሣህሉ።”

ድሬዳዋ ባሕር የላትም። የማውቀው ውኃ ደቻቱን ብቻ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆኖ ከርሞ አንድ ክረምት ሌሊት ሰፈር ይዞ የሄደውን ደቻቱን። ስለዚህ ነገሩን እንዲህ አገጣጠምኩት፦ ካፊያ አረንጓዴውን ቀሚስ ትለብሳለች፣ ባለ ሽርጡ ሰውዬ ይመታታል፣ ከዚያ ደቻቱ ይወስዳታል። እናቴ ደግሞ ታውቃለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቁ ስደርስ በጓሮው ገመድ ላይ ሁለት ቀሚሶች ጎን ለጎን ተሰጥተዋል። አንዱ ንጹሕ ነው። የሌላው ደረት ከጥልፉ ጀምሮ እስከ ወገቡ ቀይ ሆኖ ወደ መሬት ይንጠባጠባል። ሶፊ እስከ ክንዷ ቀይ በቀይ ሆና ቧንቧው ጋ ቆማ ትታጠባለች። አጠገቧ ያለው ድስት በስኳርና በከረሜላ ቀለም የተፈላ ሽሮፕ ነበር፤ ዝንቦቹ ያወቁትን እኔ አላወቅሁም። ሮጬ ገብቼ የካፊያን እግር ጨመደድኩ።

“ምን ሆነሻል?”

“አትሂጂ።”

ፊቷ ተለወጠ። ወደ እናቴ ዞረች። “ነግረሻታል እንዴ?”

“እኔ አንድም ቃል አልተነፈስኩም” አለች እናቴ፤ እሷም ደነገጠች።

ካፊያ ተንበርክካ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች። እጇ ጠመኔ ጠመኔ ይሸታል። “እመለሳለሁ እኮ፣ የምሥራች። ወላሂ እመለሳለሁ። ስመለስ ምን ላምጣልሽ?”

ሞቶ ዕቃ ገዝቶ የተመለሰ ሰው አይቼ ስለማላውቅ አላመንኳትም። እሷ ስለ አንድ መንገድ ታወራለች፣ እኔ ስለ ሌላ፤ ሁለታችንም ግን የምናለቅሰው በአንድ ነገር ነበር።

የቀረጻው ቀን አባቴ ይዞኝ ወደ ጣቢያው ሄደ። አሮጌ ፉርጎ ተጠርጎ ሐዲዱ ላይ ቆሟል፤ ሰዉ በገመድ ታጥሯል። አረንጓዴውን ቀሚስ ከጀርባው አየሁት። ከፉርጎው ወርዶ መሮጥ ጀመረ፤ እጅጌዎቹ በነፋስ ተሞልተው እንደ ክንፍ ተነፉ። ጥይት ጮኸ። ቀሚሱ ተንገዳገደ፣ ተገለበጠ፤ ደረቱ ቀይ ነበር።

በገመዱ ሥር እንዴት እንዳለፍኩ አላስታውስም። “አባዮ” እያልኩ ሐዲዱ ላይ ወደተዘረረችው ሴት ስሮጥ ሰዎች ይጮኻሉ። አጠገቧ ደርሼ ስወድቅ ሬሳዋ ተነሥቶ ተቀመጠ። የማላውቃት ሴት ናት። “እንዴ፣ ይቺ ደግሞ የማን ናት?” አለች በጣም በደህና ድምፅ።

ያን ጊዜ ከኋላዬ ሁለት እጆች ብብቴ ሥር ገብተው አነሡኝ። ካፊያ ናት። የራሷን አሮጌ ሽቲ ለብሳለች፣ አንገቷ ላይ የልኬት ሜትር ተንጠልጥሏል፣ ከንፈሮቿ መሀል ስፒል ነክሳለች። ስፒሉን ተፍታ፣ “እዚህ ነኝ፣ እዚህ ነኝ” አለችኝ። አንገቷ ውስጥ ተወትፌ እስኪበቃኝ አለቀስኩ። ዳይሬክተሩ ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ፤ ሶፊም፣ “ቀሚሱን እናጥበውና እንደገና ትሞታለች” አለች። እናቴ እየሳቀች እንባዋን ጠረገች። ሲያስረዱኝ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ፦ ደሙ ሽሮፕ፣ ጥይቱ ርችት፣ ባለ ሽርጡ ሰውዬም አንዱ ተዋናይ። ይህን የመጨረሻውን ግን ማንም አልነገረኝም፤ ራሴው ጨመርኩበት።

ስለዚህ እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰላም ተኛሁ። እናቴ ግን እየከሳች ሄደች። ፊልሙ ሲያልቅ ሥራውም አለቀ፤ ሱቁ ወደ ሱሪው ተመለሰ። ካፊያ ለፊልሙ በሰፋችበት የጎደላትን ሞልታ ለባለ ሽርጡ ደላላ የመንገዱን ከፍላ ነበር፤ በቦሳሶ ባሕሩን ተሻግሮ ወደ የመን፣ ከዚያ ለሥራ ወደ ሳዑዲ። አሁን ሳስበው እናቴ በዚያ ሁሉ ወር ከካፊያ ጋር ተቀምጣ ስትሰፋ በምን አንጀቷ እንደቻለችው አላውቅም። እኔ እናቴን ፊልም ላይ ስላልቀረጿት የከፋት መስሎኝ ነበር።

ፊልሙ ለድሬ የደረሰው ከፋሲካ በኋላ ነው። ሲኒማ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ሴቱ ተደራርቦ ተቀምጧል፤ ካፊያ አቅፋኝ ነበር። ሴትየዋ በከዚራ ዛፎች ሥር ስትሄድ ነፋሱ ያንን ቀሚስ ከኋላዋ ሲያነሣው አዳራሹ ውስጥ አንድ ዓይነት ትንፋሽ ተሰማ፤ ብዙ ሴት በአንድ ጊዜ ስትተነፍስ የሚሰማው። ስትሞት ያለቀሰ ብዙ ሰው የለም። ከፊቴ የተቀመጠችው ሴት ለጎረቤቷ፣ “ያንን እጅጌ አየሽልኝ?” ስትል ነበር።

በማግስቱ ጠዋት መጀመሪያ የመጣችው ሃሊሞ ናት። ታይዋን ውስጥ ትልቁ የሴት ልብስ ሱቅ የሷ ነው፤ እናቴ ሥራ ያጣችው ግማሹ በእሷ ዕቃ ነበር ማለት ይቻላል። በሩን ሞልታ ቆመች።

“በለጡ፣ ያንን የባቡሯን ቀሚስ ስፊልኝ።”

“ሃሊሞ፣ የሞተች ሴት ልብስ እኮ ነው” አለች እናቴ። የምሯን ነው፤ ማንም እንደማይለብሰው እርግጠኛ ነበረች።

“የሞተችው በጥይት ነው” አለች ሃሊሞ። “በቀሚሱ አይደለም። መጀመሪያ ለእኔ፤ ከወደድኩት ለሱቄ።”

ከኋላዋ የቆሙት ሴቶች ሳቁ። ከኋላዋ ሴቶች ቆመው ነበር፤ ያየሁት ያኔ ነው።

ሃሊሞ ቀሚሱን ለብሳ ታይዋንን ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ ሄደችበት፤ ሌላ ማስታወቂያ አላስፈለገም። በሳምንቱ የጥሬ ማንጎ ቀለም ያለው ስስ ጨርቅ ከገበያው ጠፋ። ሙሽሮች በነጭ አዘዙት፣ ለዒድ በሐምራዊ አዘዙት። ዛሬ እኔም የፊልም ልብስ ነዳፊ ነኝ። ባለፈው ዓመት ለሥራ ጅቡቲ ሄጄ አንዲት ሴት ያንኑ እጅጌ ለብሳ አግኝቻት የት እንዳሰፋችው ጠየቅኋት። “ይሄ የጥንት የእናቶቻችን ልብስ ነው” አለችኝ ኮራ ብላ። ሐርጌሳም እንደዚያው ይላሉ፤ ናይሮቢ ኢስሊ ውስጥ የሚሰፋ እንዳለም አይቻለሁ። ሶፊ አንድ ከሰዓት በኋላ እናቴ ሱቅ ውስጥ በእርሳስ የፈጠረችው ቀሚስ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ጥንት ሆኗል። የጅቡቲዋን ሴት አላረምኳትም። በልኳ ተሰፍቶላት ነበር፤ አምሮባትም ነበር።

ያኔ ግን ቀኑ ሚያዝያ ነበር፤ ባለ ሽርጡ ሰውዬም እንደገና በሩ አጠገብ መቆም ጀምሯል። ሌላ ፊልም ሊሠሩ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

በዚያው ሰሞን እናቴ እጅጌ መስፋት አቃታት። “ካፊያ፣ ይሄ ነገር አልወጣልኝም” እያለች የተጨማደደ እጅጌ ታሳያታለች። ካፊያ ትፈታና ታስተካክለዋለች። በማግስቱ ደግሞ ሌላ። ደንበኛ ባለበት ሳይቀር፣ “እጅጌውን የምታወጣው እሷ ናት፣ እኔ አልችለውም” ትላለች። እናቴ አርጅታ ዓይኗ የደከመ መስሎኝ ለአባቴ ነገርኩት፤ አባቴ ራሴን ዳሰሰኝ።

እናቴ ያንን እጅጌ ዓይኗን ጨፍና ትሰፋው ነበር። የምታበላሸው ሆን ብላ ነው። የታመመች እናት ያለቻትን ልጅ “ቅሪ” የሚል ሰው የሚያኖራት ነገር በእጁ ሊኖር ይገባል ብላ ስለምታምን ቃሉን ከአፏ ማውጣት አልቻለችም። ሥራው እያደር ሲበዛ ግን አንድ ቀን ጨርቅ እየቆረጠች፣ ቀና ሳትል፣ “ከእንግዲህ ከሚመጣው ግማሹ ያንቺ ነው። ሠራተኛዬ አይደለሽም” አለቻት። ካፊያ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ሌላ ክር አስገባች።

ካፊያ አሁን ሱቋን ቀፊራ ገበያ አጠገብ አስፍታለች፤ የሦስት ልጆች እናት ናት። ስለዚያ ሰሞን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያወራችኝ። “እጅጌው የሚበላሸው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነበር” አለችኝ። “የማትችል ሴት አንድ ቦታ ላይ ብቻ አታበላሽም። ከመጀመሪያው ቀን ገብቶኛል። ግን ክፍያው ለሰውየው ተሰጥቷል፤ ቃልም ገብቻለሁ። እስከ መጨረሻው ጠዋት ድረስ አልቆረጥኩም።”

ያን ጠዋት አስታውሰዋለሁ። ቅዳሜ ነው፤ ትምህርት የለም። እናቴ ሱቁን ከወትሮው ቀድማ ከፈተች፤ ከመኪናዋ ፊት ተቀመጠች፤ ግን አትሰፋም። የካፊያ በርጩማ ባዶ ነው። ሴቶች መጡ፤ “ቆየት ብላችሁ ኑ” እያለች መለሰቻቸው። ቁርስ አልበላችም። “አባዮ የት ሄደች?” አልኳት።

“ትመጣለች” አለች። ድምጿ የሷ አልመሰለኝም።

የደላላው መኪና ከከተማው ውጭ ባለ አንድ ሜዳ ላይ መንገደኞቹን ሰብስቦ ጎህ ሳይቀድ እንደተነሣ የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። እናቴ ግን ሰዓቱን ታውቀው ነበር። ካፊያ ካልመጣች ሄዳለች ማለት ነው፤ መምጫ ሰዓቷ ደግሞ አልፏል። እኔ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጬ ለአሻንጉሊቴ እጅጌ እቆርጣለሁ። ፀሐይዋ ከመስጊዱ ጣሪያ ላይ ወርዳ በራችን ደረሰች፤ ከዚያ ወለሉን ያዘች።

ካፊያ ገባች። ሻሿ ተንሸራቷል፣ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ አቧራ ነው፣ ትከሻዋ ላይ ትንሽ ቦርሳ አንግታለች። ሜዳው ድረስ ሄዳ፣ መኪናው ላይ አንድ እግሯን አስቀምጣ፣ በእግሯ ነበር የተመለሰችው። ማንንም ሳታይ ቦርሳዋን ከስፌት መኪናዋ ሥር አኖረች፤ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች፤ ጠዋት መሰፋት የነበረበትን ጨርቅ ወደ ራሷ ሳበች።

እናቴ ከአቧራማው እግሯ እስከ ሻሿ አየቻት።

“ዘግይተሻል” አለቻት።

“መንገዱ ራቀኝ” አለች ካፊያ፤ ከዚያ ፔዳሉን ረገጠች።

እናቴ ተነሥታ ወደ ጓሮ ወጣች። ቧንቧውን ከፍታ ፊቷን ታጠበች፤ ዘጋችው፤ ደግማ ከፍታ ታጠበች። ስትመለስ ፊቷም ዓይኗም ቀልቷል፣ ውኃው ከአገጯ ላይ ይወርዳል። ሚያዝያ ላይ ድሬ ገና በጠዋቱ ይግላል። ሙቀቱ የጣላት መስሎኝ ማራገቢያውን ወደ እሷ አዞርኩላት።